የበቆሎን ማሳ ስለ ማረስና ስለ ማልበስ፤ ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢው ገበሬዎች የቀረበ ምክር

በጎጃም ምድር የአንድ አባወራ ብርታት የሚመሰከረው ማሳውን ደጋግሞ በማረሱ እንደ ሆነ፣ በገመሳ ብቻ ዘር የሚያወርድ ሰውም በጎረቤቶቹ ዘንድ እንደ ሰነፍ እንደሚቆጠር እናውቃለን፤ ልማዱም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ የጤፍ ዘር ደቃቅ ስለ ሆነች የላመና አረም የጠፋበት መሬት ትሻለችና። በቆሎ ግን እንደ ጤፍ አይደለም። ፍሬው ትልቅ፣ ቡቃያውም ብርቱ ስለ ሆነ፣ የሚዘራበት መስመር ከተከፈተለት የቀረው መሬት ባይደቅም ይበቅላል፤ እኛ ግን ለጤፍ የተማርነውን ሥርዓት ለበቆሎም አውለን አራትና አምስት ጊዜ ስናርስ፣ ክረምቱ ሲገባ ዝናሙ የሚያገኘው የተራቆተ አፈር ነው።

የጉዳቱ ሥር ከማረሻው ቅርጽ ይጀምራል። ማረሻ የሚከፍተው ፈር ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ስለ ሆነ፣ በሁለት ፈር መካከል ያልተነካ መሬት ይተርፋል፤ ገበሬውም ያንን ለማግኘት በሚቀጥለው ዙር የቀደመውን ፈር አቋርጦ ማረስ ግድ ይሆንበታል፤ ስለዚህም በተዳፋት ማሳ ላይ አንደኛው ዙር አግድም ቢሄድ ሁለተኛው ቁልቁል ይወርዳል፣ ያም ፈር በሰኔ የጎርፍ ቦይ ይሆናል። ከዚህም ሌላ ስውር ጉዳት አለ። ማረሻው ዘወትር በአንድ ጥልቀት ስለሚመላለስ ከሥሩ ያለው አፈር እየጠጠረ ይሄዳል። በመስከረም ከአንድ የበቆሎ አገዳ አጠገብ በዶማ ብትቆፍሩ፣ ከአንድ ስንዝር ባልራቀ ጥልቀት ዶማው ድምፁን ለውጦ ሲነጥር፣ ሥሩም እዚያው ደርሶ ወደ ጎን ሲታጠፍ ታያላችሁ፤ ያ ሥር በመስከረም ማለቂያ ዝናም ቢቋረጥ ከታች ያለውን እርጥበት ሊደርስበት አይችልም።

የስዊዘርላንዱ ሊቅ ሃንስ ሁርኒ በኢትዮጵያ ከሚታረስ መሬት በአማካይ በያመቱ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምተዋል፤ ይህም ወደ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆን ውፍረት ነው። በደምበጫ በኩል በምትገኘው አንጀኒ በ1976 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ የተሠራው ፋንያ ጁ የሚባለው እርከን ተዳፋቱን እያደር ደልዳላ አድርጎታል፤ ሆኖም እርከን በእርከንና በእርከን መካከል ያለውን ራቁት ማሳ አያለብስም። በደብረ ማርቆስ አጠገብ በእነራታ በስንዴ ማሳ ላይ የተደረገው ሙከራ ደግሞ የቁልቁሉን እርሻ ትቶ በአግድም ማረስና ከማረሻው በታች ያለውን አፈር መሰንጠቅ አንድ ላይ ሲሆኑ ጎርፉንም የአፈሩንም መጠረግ እንደሚቀንሱ አሳይቷል።

ስለዚህ በቀይ መሬት በቆሎ የምትዘሩ ሁሉ፣ ውሃ የሚተኛበትን መረሬ ግን ሳትጨምሩ፣ እርሻውን ወደ ሁለት ዙር አውርዳችሁ በአግድም ብቻ እንድታርሱ፣ የዘሩንም መስመር በአግድም እንድታወጡ እንመክራለን፤ መስመሩ ቁልቁል ከሆነ ሽልሻሎውም ቁልቁል ይሄዳልና። እርሻ ሲቀንስ አረም ይበረታል፤ ይህን ልንሰውርባችሁ አንወድም። ጉልበት አስተርፋችሁ ሁለት ጊዜ በእጅ ማረም ይኖርባችኋል፤ በመጀመሪያው ዓመትም ምርቱ ላይጨምር ይችላልና ከማሳችሁ አንዱን ጥግ ብቻ ለዚህ አስተራረስ ለዩ።

ራቁቱን ማሳ በገለባ ስለ ማልበስ ስንናገር የምታነሡት ችግር እውነተኛ ነው፤ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ማሳው የሁሉ ግጦሽ ስለሚሆን፣ ገለባውን ቢተዉለትም ከብት ይጨርሰዋል። መድኃኒቱ ግን ከሩቅ አገር የሚመጣ አይደለም፤ ከቤታችሁ ያለው ግብጦ ነው። እርጥብ ቅጠሉና ግንዱ መራራ ስለ ሆነ ከብት ብዙ አይደፍረውም፤ ሥሩ ከአየር ናይትሮጅን ይሰበስባል፣ ኮምጣጣውን ቀይ አፈር ይችላል፣ በአፈሩ ታስሮ የተቀመጠውንም ፎስፎረስ ይፈታል፤ አባቶቻችንም በደከመ መሬት ላይ በጥቂት እርሻ ሲዘሩት የኖሩት ጥቅሙን አይተው ነው። የሽልሻሎ ሥራ ካበቃ በኋላ፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ፣ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ በበቆሎው መስመሮች መካከል ዝሩት፤ በቆሎው በኅዳር ሲሰበሰብ እርሱ ማሳውን ይዞ ይቀራል። ፍሬው ሲደርስ ግንዱን አትንቀሉ፤ ሥሩ ከመሬት እንዲቀር ከግርጌው በማጭድ ቁረጡት።

የበቆሎውን አገዳ በተመለከተ፣ ቆሞ ከቀረ የአገዳ ቆርቁር ትል በውስጡ ተሸሽጎ እስከሚቀጥለው ክረምት ይቆያልና፣ ቆርጣችሁ ለአንድ ወር ያህል በፀሐይ ላይ አጋድማችሁ ተዉት፤ ከዚያም ለከብቱ የሚሆነውን ለይታችሁ፣ የተረፈውን በአግድም መስመር መልሳችሁ በማሳው ላይ አንጥፉት።