የሚያውቅ ተማሪ ለምን አይቆጥብም? ከሜልበርን ዩኒቨርሲቲዎች እስከ ቤት ቆጣሪ

የአየር ንብረት ለውጥን መንስኤና መዘዝ ጠንቅቆ የሚያውቅ ተማሪ መብራቱን ሳያጠፋ ከክፍሉ ሊወጣ ይችላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን በአመለካከትና በድርጊት መካከል ያለ ክፍተት ይሉታል። ክፍተቱ በምን እንደሚሞላ ለመረዳት በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙባት የአውስትራሊያዋ ሜልበርን ጥሩ ማሳያ ናት።

ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2009 በዘለቀ ድርቅ ክፉኛ ተፈትናለች። በ2009 አጋማሽ በግድቦቿ የቀረው ውሃ ከሙሉ አቅማቸው ወደ 26 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። የቪክቶሪያ ግዛት መንግሥት በ2008 መጨረሻ እያንዳንዱ ነዋሪ በቀን ከ155 ሊትር በላይ እንዳይጠቀም የሚያሳስብ ዘመቻ ጀመረ። መጠኑ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስምንት ለመሙላት ጥቂት የሚጎድለው ነው። ከአጠቃቀም ገደቦቹ ጋር ግልጽ ቁጥር ተሰጠ፤ የግድቦቹ ይዞታ በዜና ይነገር ነበር፤ ጎረቤትም በተመሳሳይ ጥረት ላይ ነበር። ፍጆታው በእጅጉ ቀነሰ። ዝናብ ከተመለሰ በኋላ በመጠኑ ቢጨምርም ከድርቁ በፊት ወደነበረበት አልተመለሰም።

የዛሬዎቹ ተማሪዎች ግን ያንን ጊዜ በአብዛኛው አያስታውሱትም፤ ብዙዎቹም ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። ችግሩ ፊት ለፊት በማይታይበት ጊዜ ሰውን ለቁጠባ የሚያነሳሳው ምንድን ነው?

በአሜሪካ ኦሃዮ በሚገኘው ኦበርሊን ኮሌጅ በ2005 የተካሄደ ጥናት አንድ ፍንጭ ይሰጣል። የተማሪ ማደሪያ ሕንጻዎች ለሁለት ሳምንታት በቁጠባ ተወዳደሩ። በሁለቱ ሕንጻዎች ነዋሪዎች ፍጆታቸውን በዚያው ቅጽበት በኢንተርኔት ይከታተሉ ነበር፤ ለሌሎቹ መረጃው የሚደርሳቸው በሳምንት አንድ ጊዜ ነበር። በጠቅላላው የኤሌክትሪክ ፍጆታ በ32 በመቶ ቀነሰ። ፍጆታቸውን በቅጽበት ያዩት በ55 በመቶ ሲቀንሱ የሌሎቹ ቅናሽ 31 በመቶ ነበር። የውሃ ፍጆታ የቀነሰው ግን በ3 በመቶ ብቻ ነው። መብራት መቆጠብ የጀመረ ሰው ውሃም ይቆጥባል ማለት እንዳልሆነ ውጤቱ ያሳያል።

ከሌሎች ጋር መነጻጸርም ኃይል አለው፤ አያያዙ ግን ጥንቃቄ ይሻል። በካሊፎርኒያ ሳን ማርኮስ ከተማ ተካሂዶ በ2007 በታተመ ጥናት፣ የአካባቢው አማካይ የኤሌክትሪክ ፍጆታ ሲነገራቸው ብዙ ይጠቀሙ የነበሩ ቤተሰቦች ቀነሱ፤ ጥቂት ይጠቀሙ የነበሩት ግን ወደ አማካዩ ከፍ አሉ። ከቁጥሩ ጎን ትንሽ የፈገግታ ምልክት ሲታከልላቸው ቆጣቢዎቹ በቁጠባቸው ጸኑ።

ገንዘብስ? በቪክቶሪያ ግዛት ከኅዳር ወር 2023 መባቻ ጀምሮ የመጠጥ ጣሳና ጠርሙስ የሚመልስ ሰው ለእያንዳንዱ 10 የአውስትራሊያ ሳንቲም ይከፈለዋል። የአዲስ አበባን ቆራሌው ለሚያውቅ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ለተማሪ ኪስ ጠቃሚ ቢሆንም ክፍያ ብቻውን ልማድ ላያጸና ይችላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ዴሲ በ1971 ባሳተመው ጥናት፣ እንቆቅልሽ በመፍታታቸው ክፍያ ያገኙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክፍያው ሲቋረጥ ለሥራው የነበራቸው ፍላጎት ቀንሶ ታይቷል። ዴሲ ከሪቻርድ ራያን ጋር ያዳበረው ንድፈ ሐሳብም ሰው የራሴ ብሎ የተቀበለው ምክንያት ይበልጥ እንደሚጸና ያስረዳል።

ይሁንና ሸክሙን ሁሉ በተማሪው ላይ መጣል አይገባም። የሜልበርን ዩኒቨርሲቲና አር ኤም አይ ቲ ከከተማዋ ምክር ቤትና ከሌሎች ተቋማት ጋር በኅብረት የታዳሽ ኃይል ግዢ ውል ገብተው በ2019 ሥራ ከጀመረው የክራውላንድስ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ኤሌክትሪክ ይገዛሉ። ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ በአውስትራሊያ ያሉትን ግቢዎቹን እስከ 2030 የተጣራ ልቀታቸው ዜሮ እንዲሆን ለማድረግ በ2017 ዕቅድ አውጥቷል። እንዲህ ያለውን ውሳኔ ተማሪ ብቻውን ሊወስን አይችልም።

ይህ ጉዳይ ከኢትዮጵያ ወደ ሜልበርን ለትምህርት የሚሄዱትንም ይመለከታል። በውሃ ፈረቃ ያደገ ሰው የጀሪካንን ክብደት በትከሻው ያውቀዋል። ያ ቁጠባ ከእጥረት ብቻ የመጣ ከሆነ ቧንቧው ሌት ተቀን በሚፈስበት አገር ሊረሳ ይችላል። ቤት ተጋርተው የሚኖሩ ተማሪዎች በሚያገኙት ቆጣሪ ላይ ያለውን ንባብ በየሳምንቱ መዝግበው ማቀዝቀዣው ላይ ቢለጥፉና በአንድ ግብ ቢስማሙ፣ በድርቁ ዘመን ሜልበርንን የረዱትን ግልጽ ቁጥርና የጋራ ጥረት በቤታቸው ሊያገኙ ይችላሉ።