በህንድ የምሽት ትርዒት ስንመርጥ

ህንድ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚመጣልን ፊልሙ ነው። ኬረላ የደረሰ የቴአትር ተማሪ ግን ያለው አንድ ምሽት ብቻ ቢሆን ምን ይመልከት? እኔ ኮቺ ላይ የመረጥኩት ካታካሊን ነው። አንዳንድ ሆቴሎች ከእራት ጋር የሚያቀርቡት፣ ከየግዛቱ ውዝዋዜ ትንሽ ትንሽ የሚቆነጥረው ዝግጅት ለዓይን ደስ ይላል፤ ለትምህርት ግን እምብዛም ነው።

ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ ተዋንያኑ ሲኳኳሉ ማየት ይቻላል ወይ? ከተቻለ ቀደም ብላችሁ ግቡ፤ ዋናው ትምህርት እዚያ ነው። ፊቱን አረንጓዴ የተቀባው ጀግና ወይም መልካም ንጉሥ ነው። አረንጓዴው ላይ ቀይ ተጨምሮ አፍንጫው ጫፍ ላይ ነጭ ጉብታ ካለበት ደግሞ እንደ ራማያናው ራቫና ያለ ትዕቢተኛ ነው። ታሪኩን ዘፋኞች ከኋላ ያዜማሉ፤ ተዋናዩ ቃል ሳይናገር በ24 መሠረታዊ የእጅ ምልክቶች፣ በዓይኑና በቅንድቡ ይተርከዋል። ይህን ሳያውቁ መቀመጥ፣ በቃ፣ ቋንቋውን ሳይሰሙ ድራማ ማየት ነው።

ለጎብኚ የሚቀርበው አጭር ነው፤ በቤተ መቅደስ በዓላት ግን እስከ ንጋት የሚዘልቅ አለ። ሌሊቱን መቀመጥ የሚችል ወደዚያ ይሂድ። አንዳንድ ቤተ መቅደሶች ሂንዱ ያልሆነውን ወደ ውስጥ ስለማያስገቡ ትርዒቱ ከቅጥሩ ውጪ መሆኑን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።