ከወዲያ ያለው ማን ነው?

የእህቴ ልጅ፣ የጥብቅና ፈቃድሽን እንኳን ለመቀበል አበቃሽ። እናትሽ «እስቲ አንድ ነገር በላት» ስላለችኝ ይኸው።

1. ባለጉዳይ ሰነዱን ሲዘረግፍልሽ ወደ አንቀጽ አትሩጪ፤ ከወዲያ ያለው ማን እንደሆነና በምን ሥልጣኑ እንደቆመ ጠይቂ። ጎረቤት ከጎረቤት በድንበር፣ ነጋዴ ከነጋዴ በዕዳ ሲካሰስ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ፍትሐ ብሔር ይህ ነው። ክፍለ ከተማው «ቦታውን ልቀቁ» ሲል ግን የሚናገረው እንደ ጎረቤት አይደለም። ፈቃድ አይለምንም፤ ያዛል፤ የሕዝብ ሕግ ይህ ነው። ክርክርሽም «ምን ተዋውላችሁ ነበር?» መሆኑ ቀርቶ «ለማዘዝ ማን ሥልጣን ሰጠህ? ሥርዓቱን ጠብቀሃል? ካሣውስ?» ይሆናል። ቢሆንም የመንግሥት ማኅተም ባየሽ ቁጥር የሕዝብ ሕግ ነው አትበይ። ለቢሮ የሚሆን ቤት የተከራየ መሥሪያ ቤት አብዛኛውን ጊዜ እንደማንም ተከራይ ነው። የአስተዳደር ውል የሚባለው የትኛው እንደሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3132 ይነግርሻል።

2. አዎ፣ እዚያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ! ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 ሕግ የሁለቱን ድንበር በሆዱ ይዞታል። በተራ ውል ሲሚንቶ በእጥፍ ቢወደድብሽም በቁጥር 1764 መሠረት ውሉ ይጸናል፤ የከሰረ ይክሰር። በአስተዳደር ውል ግን ተቋራጩ ባልታሰበ ምክንያት ግዴታው ከከበደው በቁጥር 3183 መሠረት እርዳታ መጠየቅ ይችላል። በአንጻሩ መሥሪያ ቤቱ በቁጥር 3179 ውሉን ብቻውን ሊያሻሽል ይችላል። የፈረንሳዮቹን የአስተዳደር ውል ወሰድን፤ እንደነሱ ራሱን የቻለ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ግን አላቆምንም። ስለዚህ አንዱ ዳኛ በአንድ ጠዋት ሁለት ዓይነት ሚዛን ይይዛል። ይህ ለኔ እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም።

3. መዝገቡ በፍትሐ ብሔር ችሎት መከፈቱ አያታልልሽ። የችሎቱ ስም የጉዳዩን ባሕርይ አይወስንም።

4. ዲፕሎማሽን ስቀዪው፤ ግን አትመኪበት። እኛ የተማርነው የቤተሰብ ሕግ በፌዴራል ደረጃ በአዋጅ 213/1992 ተተካ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ በአዋጅ 1243/2013 በከፊል ተለወጠ። የአሠሪና ሠራተኛው ሕግ ከ42/1985 ወደ 377/1996፣ ከዚያም ወደ 1156/2011 ተሻገረ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012 ነው። ድሮ መመሪያ የሚባለው ነገር የባለሥልጣኑ መሳቢያ ውስጥ ያድር ነበር፤ ተበዳዩ የሚያየው ከተቀጣበት በኋላ ነው። አዋጁ ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት እንዲቀርብ፣ መመሪያውም እንዲመዘገብ አዘዘ፤ በፍርድ ቤት ለማስከለስም በር ከፈተ። በ2011 ንባቡን ያቆመ ጠበቃ ይህን በር ሳያንኳኳ ደንበኛውን አዝኖ ይሸኘዋል።

5. የሰበር ውሳኔዎችን ቅጽ በቅጽ አንብቢ። ከአዋጅ 454/1997 ወዲህ የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ቅዳሜ ጠዋትሽን ለዚህ ስጪ፤ ነጋሪት ጋዜጣውንም አማርኛውን አስቀድመሽ አንብቢ፣ ምክንያቱም ከእንግሊዝኛው ጋር ቢጋጭ የሚጸናው እሱ ነው። ባለጉዳይ ያላነበብሽውን ከጠየቀሽ «አንብቤ ነገ ልንገርዎ» በዪ፤ ለዚያች ሌሊት አታስከፍይ።