ሐኪም ቤት ሲደርሱ ስለሚጠፋው የልብ ምት

«የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ልብ ምት ምን አገባው?» ትሉኝ ይሆናል፡፡ የጤና ዜና የምንጽፈው እኮ እኛ ነን፤ ስለዚህ ያገባኛል፡፡ በዚህ አጭር ጽሑፍ የማነሳው ደረት ላይ ተለጥፎ ሰው በሄደበት ስለሚሄደው የልብ ምት መመዝገቢያ ነው፡፡

የተለመደው የኢ.ሲ.ጂ. ምርመራ የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ለአሥር ሴኮንድ ያህል ነው፡፡ አንድ ቀን ግን 86,400 ሴኮንድ አለው፤ ልብም በቀን 100,000 ጊዜ ገደማ ይመታል፡፡ ታዲያ ሌሊት መጥቶ ጠዋት የሚጠፋ መዛባት በአሥር ሴኮንድ እንዴት ይያዛል? አክስቴ ሦስት ጊዜ ተመርምራ ሦስቴም «ኢ.ሲ.ጂ.ው ደህና ነው» ተብላለች፡፡ በመጨረሻ «ጭንቀት ነው» ብለው ሸኟት፡፡ ወረቀቱ አልዋሸም፤ ያየው ጥቂት ስለሆነ ነው፡፡

ይህን ችግር ለመፍታት ከተነሱት አንዱ ሐኪም ሳይሆን የፊዚክስ ሰው የነበረው የሞንታናው አሜሪካዊ ኖርማን ሆልተር ነው፡፡ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ገደማ የሠራው የመጀመሪያው መሣሪያ በጀርባ የሚታዘል ሆኖ 38 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፡፡ (ይህን ተሸክሞ የማን ልብ በደህና ይመታል!) እ.ኤ.አ. በ1961 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ሥራውን ባሳተመበት ጊዜ ግን መሣሪያው በእጅጉ አንሶ ነበር፡፡ ዛሬም በስሙ «ሆልተር» ይባላል፤ ኪስ ውስጥ ይገባል፡፡

ሰውየው ሆልተሩን ለ24 ወይም ለ48 ሰዓት አድርጎ የዘወትር ኑሮውን ይኖራል፤ የተሰማውንም ከነሰዓቱ ይጽፋል፡፡ ለእኔ ከመሣሪያው ይልቅ የሚገርመኝ ይሄ ማስታወሻ ነው፡፡ አክስቴ በሌላ ሐኪም ትእዛዝ ሁለት ቀን አድርጋው ደብተሯ ላይ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል፣ ልቤ ሮጠ»፣ «ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ልጁ አናደደኝ» እያለች ጻፈች፡፡ በአሥር ሰዓቱ ምቷ ደህና ነበር፡፡ በስምንት ተኩሉ ግን በድንገት የተነሳ ፈጣን ምት ተገኘ፤ ጭንቀት አልነበረም ማለት ነው፡፡ ስሜቱ መጥቶ ምቱ ደህና ቢሆንም ኖሮ፣ እሱም ራሱን የቻለ መልስ ነው፡፡

ሁለት ቀን ለማይበቃው እስከ 14 ቀን የሚለጠፍ አለ፡፡ በዓመት አንዴ ሁለቴ ራሱን ለሚስት ሰው ደግሞ ከቆዳ ሥር የሚቀበር፣ ዓመታት የሚቆይ አለ፡፡

የዜናው ጣጣ የሚመጣው ሕመም የማይሰማቸው ሰዎች ላይ ሲደረግ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የወጣው የአፕል ሰዓት ጥናት 419,297 ሰዎችን ይዞ ነበር፡፡ «ምትህ ተዛብቷል» የተባሉት 0.52 በመቶ ናቸው፡፡ ከእነሱም በኋላ የሚለጠፈውን መሣሪያ አድርገው ከመለሱት 450 ሰዎች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተገኘው በ34 በመቶው ላይ ነው፡፡ «ሰዓቱ ሁለት ሦስተኛውን ተሳሳተ» ብሎ መጻፍ ያጓጓል፤ ነገር ግን መሣሪያው የተለጠፈው ከቀናት በኋላ ነው፣ ይህ መዛባት ደግሞ ይመጣል ይሄዳል፡፡

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው የዴንማርኩ ጥናት ይበልጥ ያሳስባል፡፡ ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 90 የሆነ፣ ለስትሮክ የሚያጋልጥ ነገር ያለባቸው 6,004 ሰዎች ተካፈሉ፡፡ መሣሪያ በተቀበረላቸው ላይ መዛባቱ በ31.8 በመቶው ተገኘ፤ በሌሎቹ ላይ በ12.2 በመቶው ብቻ፡፡ ስትሮክ ወይም ሌላ የደም መርጋት የደረሰባቸው ግን 4.5 እና 5.6 በመቶ ናቸው፤ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ የሚያስተማምን አልነበረም፡፡

እኛ አገር ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው፡፡ በልጅነት በደንብ ያልታከመ ቶንሲል ሩማቲክ የልብ ሕመም አስከትሎ የልብን በር ያበላሻል፤ በዚያ ሳቢያ የሚመጣው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ወጣቱንም ይይዛል፡፡ የልቡ በር በጣም ለጠበበበት ሰው መዛባቱ ከተገኘ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው በዋናነት ዋርፋሪን ነው፡፡ ዋርፋሪን ደግሞ ሲያንስ አይከላከልም፣ ሲበዛ ያደማል፡፡ ስለዚህ ከገጠር የመጣው በሽተኛ መሣሪያውን አንዴ አድርጎ ቢመልስም፣ ለደም ምርመራ ግን መድኃኒቱን እስከወሰደ ድረስ ይመላለሳል፡፡