ስትሪፑ የሚናገረውና የማይናገረው



በሐሺሽ (ካናቢስ) ብይን ላይ ብዙ አንቆይም። ኢብኑ ተይሚያህ (ረሒመሁላህ) ከ700 ዓመት ገደማ በፊት ሐራምነቱን በፈትዋቸው አስረድተዋል። የዛሬው ትምህርታችን «ሰው መውሰዱ በምን ይታወቃል?» የሚል ነው። ከመካከላችን ነገ ደብረ ኤልያስ ወይም ሞጣ ላቦራቶሪ የሚመደብ ይኖራል፤ ያኔ የሰው ስም አማና ሆኖ እጁ ላይ ይወድቃል።

በእጅ የሚያዝ ባዮሴንሰር ሁለት ክፍል አለው። አንዱ የሚፈለገውን ንጥረ ነገር ለይቶ ይይዛል፤ ብዙ ጊዜ አንቲቦዲ ነው። ሌላው መያዙን ወደ ቀለም ወይም ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይቀይራል። ቀላሉ ዓይነት ስትሪፕ ነው። ከእርግዝና መመርመሪያው ጋር ግን አታምታቱት፤ እዚያ ሁለተኛዋ መስመር ስትወጣ ፖዘቲቭ ነው፣ እዚህ ስትጠፋ። ካናቢሱ አንቲቦዲውን ቀድሞ ስለሚይዘው መስመሯ ላይ የሚያርፍ ቀለም አይኖርም። የመቆጣጠሪያዋ መስመር ካልወጣች ደግሞ ምርመራው ይደገማል።

ምራቅና ሽንት የሚነግሩን አንድ አይደለም። ምራቅ ውስጥ የሚገኘው በአብዛኛው ሲጨስ አፍ ውስጥ የቀረው ቲኤችሲ ስለሆነ የቅርብ ሰዓታትን ያሳያል። በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ፖሊስ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሽከርካሪዎችን መንገድ ላይ በምራቅ የሚመረምረው ለዚህ ነው። ሽንት ውስጥ ያለው ግን ጉበት የለወጠው ትራፊ ነው። ቲኤችሲ በሰውነት ስብ ውስጥ ስለሚከማች፣ በየቀኑ ሲያጨስ የነበረ ሰው ካቆመ ከሳምንታት በኋላም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ተውበት አድርጎ 20 ቀን የሞላው ወንድማችንና ትናንት ያጨሰው በስትሪፑ ፊት እኩል ሊታዩ ይችላሉ ማለት ነው።

ከዚህ የሚብሰው ጨርሶ ያልነካው ሰው ጉዳይ ነው። በሀገራችን ለዓመታት ዋነኛ የኤችአይቪ መድኃኒት ከነበሩት አንዱ ኢፋቪሬንዝ፣ በአንዳንድ የሽንት ስትሪፖች ላይ የሐሰት ፖዘቲቭ ያመጣል። በሽተኛው ወይ ምስጢሩን ያወጣል፣ ወይ ሐሺሽ አጫሽ ተብሎ ይቀራል።

ስትሪፑ (የሽንቱ የተለመደ መነሻ በሚሊሊትር 50 ናኖግራም ነው) ማጣሪያ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ማረጋገጫው ሞለኪውሉን ራሱን የሚለየው የማስ ስፔክትሮሜትሪ ምርመራ ነው። የሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አያ ስለ ሰው ወሬ የወረደች ብትሆንም፣ ሳናጣራ ሰው እንዳንጎዳ የምታስጠነቅቅበት ምክንያት እዚህም ይሠራል። ስለዚህ ናሙናው ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ፣ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው «በማጣሪያ ፖዘቲቭ፣ ያልተረጋገጠ» ነው። የሚወስደው መድኃኒት ካለም ሰውየው ለብቻው፣ በር ተዘግቶ ይጠየቃል።