ሕፃናትን በየመንደሩ እየተዘዋወሩ የማስታመም ሥርዓት

ሕፃን ሕመሙን በአንደበቱ ሊናገር ስለማይችል፣ እናቱም ብዙ ጊዜ ከጤና ጣቢያ የሰዓታት የእግር መንገድ ርቃ ስለምትኖር፣ አስታማሚዋ ራሷ ስንቋን ይዛ ወደ መንደሩ መውረድ ግድ ይሆንባታል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በሎንዶን፣ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ይህንኑ ሙያ መማራቸው፣ በታመመ ሕፃን አጠገብ ማጎንበስ የማንንም ክብር እንደማይቀንስ ይመሰክራል። ይሁን እንጂ የዚህ አገልግሎት ፍሬ የሚታየው አስታማሚዋ በቀጠረችው ቀን ዳግመኛ ስትገኝ ነው።

አንደኛ፤ ቀኑን አስቀድመው ያሳውቁ። በቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል መልእክት ሲልኩ፣ ቀኑን እናቶች በሚያውቁት ምልክት ይንገሩ፤ «በ13» ከማለት «በሚካኤል ማግስት» ማለት፣ ሙስሊሞች በሚበዙበትም በጁምዓ ወይም በገበያ ቀን መቁጠር በልብ ይቀራል።

ሁለተኛ፤ ክትባቱን ያሰናዱ። ከማቀዝቀዣ የወጣውን የበረዶ ጥቅል ወዲያው ወደ ክትባት መያዣው አይክተቱ፤ ጠረጴዛ ላይ አቆይተው ከጆሮዎ አስጠግተው ይነቅንቁት፤ በረዶው በውሃው ውስጥ ሲንኳኳ ከተሰማ ያን ጊዜ ደርሷል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠበቃል፤ ፔንታቫለንት አንድ ጊዜ ከረጋ ግን ኃይሉን ስለሚያጣ፣ ቢቀልጥም ለሕፃን አይሰጥም። የኩፍኝ ክትባትም ከተበጠበጠ 6 ሰዓት ከሞላው ይጣላል።

ሦስተኛ፤ ሳይነኩ ይመልከቱ። ሰላምታ ሰጥተው፣ እጅዎን ታጥበው ሲቀመጡ፣ ሕፃኑ ከእናቱ ጭን አይነሣ፤ ያለቀሰ ሕፃን ትንፋሹ አይቆጠርምና። ልብሱን ከሆዱ ላይ ገለጥ አድርገው ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ ከ2 ወር በታች 60፣ ከ2 ወር እስከ ዓመት 50፣ ከዓመት እስከ 5 ዓመት 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጥኗል። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው፣ ወይም ፈዞ አልነቃ ያለ ሕፃን፣ ከነዚህ አንዱ ብቻ ቢታይበት እንኳ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።

አራተኛ፤ ክንዱን ይለኩ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለውን ሕፃን በግራ ክንዱ፣ በትከሻና በክርን መካከል ለክተው ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ካገኙት ወይም ሁለቱ እግሮቹ ካበጡ፣ ረኃብ ክፉኛ ጎድቶታልና ሳይውል ሳያድር ሕክምና ያሻዋል።

አምስተኛ፤ ተቅማጥ ለያዘው ኦአርኤስ ሲሰጡ እናቲቱ ራሷ ትበጥብጠው። አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስታዋሕድ ቆመው ይመልከቱ፤ በዐይን ያየችውን ሌሊት ትረሳዋለች፣ እጇ የሠራውን ግን አትረሳም። ዚንኩንም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ 10 ቀን እንድታስጨርስ ያስረዷት።

ስድስተኛ፤ ቀጠሮዎን ያክብሩ። ፔንታቫለንት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጥ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ጉዞ ብቻውን ሥራውን አይፈጽምም። እኔ አንድ ክረምት ወንዝ ሞልቶብኝ፣ መልእክትም ሳልልክ ቀረሁ፤ በኋላ ስደርስ አንዲት እናት ሕፃኗን አዝላ ከዋርካው ሥር እስኪመሽ እንደ ጠበቀችኝ ነገሩኝ፤ እርሷ ግን እኔ በደረስሁበት ቀን አልመጣችም። እቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እርሷም ዝም ብላ ሕፃኑን አቀበለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ከመነሣቴ በፊት ቀኑን በክትባት ካርዱ ላይ ጽፌ፣ ከሥሩ የበዓሉን ስም አክዬ፣ እናቲቱ በቃሏ እንድትደግምልኝ እጠይቃለሁ፤ መንገድ ቢዘጋብኝም በማን በኩል መልእክት እንደምልክላት እነግራታለሁ። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ።