ማውንቴን ሳይክልዎ አልስማማ ካለዎት፦ ሹም አቦ ላይ እንዴት ይሸጣል?

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትገኝም መሬቷ ሜዳ ነው፤ ሳይክል የብዙ ሰው መጓጓዣ የሆነባትም ለዚህ ነው። ከከተማዋ ሹም አቦ ሰፈር ወጥቶ አስፋልት ለአስፋልት ሥራ ለሚመላለስ ሰው ግን ወፍራም ባለጥርስ ጎማና የፊት ሞላ ሸክም ነው። ጎማው አስፋልት ላይ ይከብዳል፣ ሞላውም ተነሥተው ሲረግጡ ጉልበት ይበላል።

ለመሸጥ ከመቸኮል በፊት ግን ሁለት ነገር ይሞክሩ። ፔዳሉ ወደ ታች ሲወርድ ተረከዝዎን አስቀምጠው እግርዎ ቀጥ እስኪል ድረስ ኮርቻውን ከፍ ያድርጉ፤ የጉልበት ሕመም ብዙ ጊዜ በዚህ ይቀላል። ከዚያ ጎማውን ብቻ ጥርስ በሌለው መቀየር ስንት እንደሚፈጅ ጠጋኝ ይጠይቁ። ከዚህም በኋላ መሪው ሩቅ ሆኖ ወገብና አንገትዎን የሚያምዎ ከሆነ የሳይክሉ አካል ለቁመትዎ አይሆንም፤ ይሽጡት።

አሁን ሳይክሉ ያልተስማማዎትበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ገዢዎን የሚያገኝልዎ እሱ ነው። «ለአስፋልት ከበደኝ» ካሉ ፈላጊው በገጠር መንገድ የሚመላለስ መምህር ወይም በዘጌ የቡና ደን ውስጥ መንዳት የሚወድ ወጣት ነው። «ለእኔ ረዘመ» ካሉ ደግሞ ከእርስዎ የሚረዝም ሰው ይፈልጉ። ምክንያቱን የሚደብቅ ሻጭ ገዢውን ጥርጣሬ ውስጥ ይከታል፤ ሳይክሉ የተበላሸ ይመስለዋል።

ለማጽዳት ጨርቅና ነጭ ጋዝ ይበቃል። ሰንሰለቱን አጥበው ትንሽ ዘይት ይቀቡት፤ ኩሽኔታዎቹ ላይ ግን በኃይል የሚወጣ ውሃ አይልቀቁ። ያለቀ የፍሬን ጎማ ይቀይሩ፣ ካምቢዮውን ያስተካክሉ። አዲስ ጎማ አይግዙለት፤ ያወጡት ገንዘብ አይመለስም፣ ከዋጋው ቢቀንሱ ይሻላል። ቀለምም ፈጽሞ አያስቀቡ! አዲስ ቀለም ያየ ገዢ ወይ የተሰረቀ ነው ይላል፣ ወይ ከሥሩ የተበየደ ስንጥቅ ይፈልጋል።

ዋጋ ለመቁረጥ የአዲሱን ዋጋ ከሱቅ፣ የአሮጌውን ደግሞ ከሁለት ጠጋኞች ለየብቻ ይጠይቁ። ጠጋኙ ራሱ አትርፎ ሊሸጠው ስለሆነ የሚሰጥዎት ዋጋ ከዚያ በታች የማይወርዱበት ወለል ነው።

በቴሌግራም ሲለጥፉ በሰንሰለቱ በኩል የተነሣ ፎቶ ያስገቡ፤ ጎማው ላይ የተጻፈውን መጠን (26፣ 27.5 ወይም 29) ይጥቀሱ። ተማሪ በሚገባበት ሰሞን የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳና ፖሊ ግቢዎች አካባቢ ማስታወቂያ መለጠፍም ያዋጣል። በደላላ ከሆነ ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍል አስቀድመው ይስማሙ።

ገዢው ሞክሮ ማየት መብቱ ነው። መታወቂያውን ይዘው፣ በቀን፣ ሰው ባለበት ቦታ ያስነዱት።

ቸል መባል የሌለበት የወረቀቱ ነገር ነው። ከፔዳሉ ዘንግ ሥር ሳይክሉን ገልብጠው ይዩ፤ በአብዛኛው ቁጥር ተቀርጾበታል። ያንን ቁጥር፣ ዋጋውን፣ ቀኑንና የሁለታችሁንም ስም የያዘ ውል ጻፉ። የግዢ ደረሰኝ ካለዎት አብረው ይስጡ። ሳይክል ለመሸጥ ሕጉ የጽሑፍ ውል ባያስገድድም፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1727 በጽሑፍ ለሚደረግ ውል የሚጠይቀውን መከተል ጥሩ ነው፤ ሁለታችሁ ፈርሙ፣ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት። ነገ ሌላ ሰው «ሳይክሌ ነው» ብሎ ቢመጣ ገዢውም እርስዎም የምታሳዩት ይኖራችኋል። የሚያውቁት ጉድለት ካለ፣ ለምሳሌ የሚንሸራተት ጥርስ፣ ገዢው አውቆ እንደገዛው እዚያው ላይ ይስፈር።

ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ከሆነ ገዢው ስልኩን ከፍቶ የሚያሳይዎትን መልእክት አይመኑ። የራስዎን ሒሳብ ከፍተው ገንዘቡ መግባቱን ሲያዩ ሳይክሉን፣ ፓምፑንና ሁለቱንም የሰንሰለት ቁልፎች ያስረክቡ።